የማርሻል ቤተሰብ የዘር ሐረግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የመካከለኛውን ዘመን የእንግሊዝ ታሪክ የሚያነብ ሰው የማርሻልን ስም ማግኘቱ አይቀርም። አብዛኛው ወሬ ስለ አባትየው ስለ ዊልያም ነው፤ ስለ ጀግንነቱ፣ ስላገለገላቸው ነገሥታት። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ከእሱ ሞት በኋላ የሆነው ነው። አምስት ወንዶች ልጆች ነበሩት፤ አምስቱም ወራሽ ሳይተኩ ሞቱ። አምስት ሴቶች ልጆችም ነበሩት፤ ከእነሱ ዘር ነገሥታት ወጡ። የዘር ሐረጉን በወንድ መስመር ብቻ የሚከተል ሰው 1245 ላይ ሲደርስ መዝገቡን ይዘጋል። ታሪኩ የሚሰፋው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

ከታች ያሉት አንባቢዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማርሻሎች መጀመሪያ እነማን ነበሩ?

ትልቅ መሬት ያላቸው መኳንንት አልነበሩም። የቤተ መንግሥት ባለሙያዎች ነበሩ። በሰነድ የምናውቀው የመጀመሪያው ሰው ጊልበርት ይባላል፤ በሄንሪ 1ኛ ዘመን የንጉሡ ማርሻል ነበር። ማርሻል ማለት በመነሻው የንጉሡን ፈረሶች የሚጠብቅ ሹም ነው፤ በኋላ ሥራው የቤተ መንግሥቱን ሥርዓትና የጦሩን ጉዳይም ጨመረ። ጊልበርትና ልጁ ጆን ሹመቱን ሊነጥቋቸው ከመጡ ሰዎች ጋር በንጉሡ ችሎት ተሟግተው አስከበሩት። ከዚያ በኋላ ሹመቱ በዘር የሚተላለፍ ሆነ፤ የሹመቱ ስም የቤተሰቡ ስም ሆኖ ቀረ።

ጆን ማርሻል ልጁን አሳልፎ ሰጥቷል የሚባለው እውነት ነው?

ልጁን መያዣ አድርጎ መስጠቱ እውነት ነው። ጊዜው 1152 ነው፤ ንጉሥ እስጢፋኖስና የአጎቱ ልጅ ማቲልዳ ለዙፋን የሚዋጉበት ዘመን። ንጉሡ በኒውበሪ የጆንን ምሽግ ከበበ። ጆን ለመደራደር ጊዜ ጠየቀ፤ ለቃሉ መተማመኛ ትንሹን ልጁን ዊልያምን ሰጠ። ከዚያ ግን ምሽጉን በስንቅና በሰው አጠናከረ። ንጉሡ ልጁን እሰቅላለሁ ብሎ ዛተ። ስለ ዊልያም ሕይወት የተጻፈው ግጥም እንደሚተርከው፣ ጆን የሰጠው መልስ የተሻለ ልጅ የሚቀጠቅጥበት መዶሻና ሰንዳን አሁንም እንዳለው ነበር። እስጢፋኖስ ግን ልጁን መግደል አልሆነለትም፤ ልጁም ተረፈ።

ለዘር ሐረጉ ከዚህ የሚበልጠው የጆን ጋብቻ ነው። የመጀመሪያ ሚስቱን ፈትቶ የሳልዝበሪውን የፓትሪክን እህት ሲቢልን አገባ። ሁለቱ ቤቶች ደም የተፋሰሱ ጎረቤታሞች ነበሩ፤ ጋብቻው የእርቅ ጋብቻ ነው። ዊልያም የዚህ እርቅ ልጅ ነው።

ዊልያም ታናሽ ልጅ ከሆነ ሀብቱ ከየት መጣ?

ከሚስቱ። ይህ በደንብ ሊሰመርበት ይገባል።

ዊልያም ከአባቱ የወረሰው መሬት አልነበረም። ኖርማንዲ ውስጥ በታንካርቪል ቤት አድጎ ፈረሰኛ ሆነ፤ በውድድር ሜዳ ስም አወጣ፤ የሄንሪ 2ኛን ልጅ ወጣቱን ሄንሪን አገለገለ። ዝና ነበረው፤ መሬት ግን አልነበረውም። በ1189 ኢዛቤል ደ ክሌርን ሲያገባ ዕድሜው ከአርባ አልፎ ነበር። እሷ በዚያን ጊዜ ከመንግሥቱ ባለጠጋ ወራሾች አንዷ ነበረች።

ኢዛቤል የሁለት ትልልቅ ቤቶች ልጅ ናት። አባቷ ስትሮንግቦው በሚል ቅጽል የሚታወቀው ሪቻርድ ደ ክሌር ነው፤ በ1170 ወደ አየርላንድ ዘምቶ ሌንስተርን የያዘው። እናቷ ኢፋ የሌንስተሩ ንጉሥ የዲያርሜድ ማክመሮ ልጅ ናት። ስለዚህ በዌልስ ድንበር ያለው ቼፕስቶው፣ በአየርላንድ ያለው የሌንስተር ግዛት፣ በእንግሊዝና በኖርማንዲ የተበተነው መሬት ሁሉ በኢዛቤል በኩል የመጣ ነው። ኤርል የሚለው ማዕረግም እንዲሁ። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ከንጉሡ ቤተሰብ ቀጥሎ ያለው ከፍተኛ ማዕረግ ነው። ዊልያም በ1199 የፔምብሮክ ኤርል የተባለው የሚስቱ አባትና አያት ይዘውት ስለነበረ ነው።

በ1207 ዊልያም ወደ ንጉሥ ጆን ሲጠራ ነፍሰ ጡሯን ኢዛቤልን አየርላንድ ትቶ ሄደ። ባላንጣዎቹ መሬታቸውን ሲያጠቁ የመከላከሉን ሥራ የመራችው እሷ ናት። የማርሻል ቤት የሚባለው ከግማሽ በላይ የኢዛቤል ቤት ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ዊልያም ያን ያህል የከበረው ለምንድን ነው?

ባጭሩ፦ በ1215 ንጉሥ ጆንና ባላባቶቹ ማግና ካርታ በተባለው ቻርተር ሲስማሙ ከንጉሡ ጎን ነበር። በ1216 ጆን ሲሞት ወራሹ ሄንሪ 3ኛ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ባላባቶቹ ሽማግሌውን ዊልያምን እንደራሴ አደረጉት። በግንቦት 1217 ሰባ ዓመት ገደማ ሆኖት በሊንከን ጦርነት በፈረስ ላይ ሆኖ ተዋጋ፤ ድል አደረገ። ግንቦት 14 ቀን 1219 ካቨርሻም በሚገኘው ቤቱ ሞተ፤ ለንደን በሚገኘው የቴምፕል ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

አሥሩ ልጆች እነማን ናቸው?

ወንዶቹ ዊልያም፣ ሪቻርድ፣ ጊልበርት፣ ዋልተርና አንሰልም ናቸው። ሴቶቹ ሞድ፣ ኢዛቤል፣ ሲቢል፣ ኢቫና ጆአን ናቸው። ኢቫ የአየርላንዳዊቷ አያቷ የኢፋ ስም ነው፤ ሲቢል የአባቷ እናት ስም። በዚያ ዘመን ስም አወጣጥ ራሱ የዘር ማስረጃ ነው፤ ልጅ በአያት መጠራቱ የተለመደ ነበር።

አምስት ወንድማማቾች እንዴት ያለ ወራሽ አለቁ?

በየተራ ሞቱ፤ ማዕረጉም ከወንድም ወደ ወንድም ተላለፈ።

ታላቁ ዊልያም በ1224 የንጉሡን እህት ኤሊኖርን አገባ። ኤሊኖር ገና ሕፃን ነበረች። በ1231 እሱ ሲሞት ልጅ አልነበራቸውም።

ሪቻርድ ከሄንሪ 3ኛ ጋር ተጣልቶ ሸፈተ። በሚያዝያ 1234 አየርላንድ ውስጥ በኪልዴር አቅራቢያ በከራ ሜዳ ተወግቶ በቁስሉ ሞተ።

ጊልበርት ለክህነት የታሰበ ልጅ ነበር። ተራው ሲደርስ ኤርል ሆነ፤ የስኮትላንዱን ንጉሥ የአሌክሳንደር 2ኛን እህት ማርጆሪን አገባ። በ1241 በሃርትፈርድ አካባቢ በፈረሰኞች ውድድር ላይ ፈረሱ ጥሎ ጎተተው። በዚያው ሞተ።

ዋልተር ኅዳር 24 ቀን 1245 ሞተ። ቀሪው አንሰልም አንድ ወር እንኳ አልሞላም፤ ታኅሣሥ 23 ተከተለው። ኤርልነቱን በወጉ ለመቀበል እንኳ ጊዜ አላገኘም። ሁለቱ የተቀበሩት እናታቸው ባረፈችበት በቲንተርን ገዳም ነው።

የጳጳሱ እርግማን የሚባለውስ?

ዊልያም በአየርላንድ የፈርንስ ጳጳስ የይገባኛል ጥያቄ ያነሳባቸውን ሁለት መሬቶች አልመልስም ብሎ ተወግዞ ሞቷል፤ ጳጳሱም ልጆቹ ዘር አይተኩ ብሎ ረግሟል ይባላል። ታሪኩን በዝርዝር የጻፈው የዘመኑ አንድ መነኩሴ ነው። የመሬት ክርክሩ እውነተኛ ነው። እርግማኑ ግን በጽሑፍ የተስፋፋው ሞቱ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ሰዎች ለዚያ ሁሉ ሐዘን ምክንያት መፈለጋቸው ይገባኛል። ግን የአንዱን ሚስት ዕድሜ፣ የሌላውን ቁስል፣ የሦስተኛውን ፈረስ አንድ በአንድ ስናይ ሰበቡ ከፊታችን ነው።

ደግሞም ሴቶቹ ልጆች የዚያው አባት ልጆች ናቸው። እነሱ በልጅ በልጅ ልጅ ተባዝተዋል።

ርስቱ ለማን ደረሰ?

የእንግሊዝ ሕግ እንዲህ ይላል፦ ወንድ ልጅ ካለ የበኩሩ ልጅ ሁሉንም ይወስዳል። ወንድ ከሌለ ግን በሴቶች መካከል በኩር የሚባል የለም፤ እኩል ይካፈላሉ። ከሞቱት ድርሻቸው ለልጆቻቸው ይሄዳል። እናም በ1246 እና 1247 ትልቁ ርስት አምስት ቦታ ተከፈለ። በአየርላንድ ያለው ሌንስተር ብቻ አምስት ግዛት ሆነ።

የበኩሯ የሞድ ድርሻ ካርሎው ነው፤ በዌልስ ድንበር ደግሞ ቼፕስቶው። የማርሻልነት ሹመቱ ስለማይከፈል ለእሷ ተሰጠ። ባሏ የኖርፎክ ኤርል ሂዩ ቢጎድ ስለነበር ሹመቱ ወደ ልጇ ወደ ሮጀር ቢጎድ አለፈ።

ኢዛቤል የግሎስተሩን ኤርል ጊልበርት ደ ክሌርን አግብታ ነበር፤ እሱ ሲሞት የንጉሡን ወንድም የኮርንዎሉን ሪቻርድ አገባች። እሷ በ1240 ስለሞተች ኪልኬኒ ለልጇ ለሪቻርድ ደ ክሌር ደረሰ።

የሲቢል ድርሻ ኪልዴር ነው። ሲቢልና ባሏ ዊልያም ደ ፌረርስ ሰባት ሴቶች ልጆች ነበሯቸው። አንድ አምስተኛው እንደገና ለሰባት ሲከፈል ለእያንዳንዷ የሚደርሳት ከጠቅላላው አንድ ሠላሳ አምስተኛ ነው። ሐረጉ የሚበተነውም ሰነዱ የሚወሳሰበውም እዚህ ላይ ነው።

የኢቫ ድርሻ የደናሜዝ ምሽግ ያለበት ሊሽ ነው። ባሏ ዊልያም ደ ብሬዮዝ በ1230 በዌልሱ መስፍን በልዌሊን ትእዛዝ ተሰቅሏል፤ ከልዌሊን ሚስት ጋር ተይዞ ነው። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ያም ድርሻ ወደ ሴቶች ልጆች ሄደ።

ጆአን የዋሪን ደ ሙንቼንሲ ሚስት ነበረች። ዌክስፈርድና ፔምብሮክ በስሟ ለተጠራችው ልጇ ለጆአን ደረሱ። ይህችን ልጅ የንጉሡ የእናት ልጅ ወንድም ዊልያም ደ ቫሌንስ አገባት።

መበለቶቹስ ምን አገኙ?

የባል ሞት መበለትን ባዶ እጇን አያስቀራትም ነበር። ከባሏ መሬት አንድ ሦስተኛውን በሕይወት እስካለች ትይዛለች። በማርሻል ቤት ይህ ትልቅ ጣጣ ሆነ፤ ወንድማማቾቹ በተከታታይ ስለሞቱ ከአንድ በላይ መበለት ከአንድ ርስት ላይ ድርሻ ነበራት።

ከሁሉም የከበደው የኤሊኖር ጉዳይ ነው። የመጀመሪያ ባሏ ሲሞት በዌልስና በአየርላንድ የሚገባት መሬት በዓመት 400 ፓውንድ በሚከፈል ገንዘብ ተተካ። ይህ ከሚገባት በጣም ያነሰ ነበር። በ1238 ሲሞን ደ ሞንትፎርትን ስታገባ ክርክሩን እሱ ወረሰው፤ ከንጉሡ ጋር ለዓመታት ተጨቃጨቁበት። ሲሞን በኋላ በሄንሪ 3ኛ ላይ የተነሳውን የባላባቶች አመፅ መራ፤ በ1265 በኢቭሻም ተገደለ። የአመፁ ምክንያት ይህ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። የአንዲት መበለት ድርሻ ግን ከቁርሾዎቹ አንዱ ነበር።

በኢቭሻም ከሲሞን ጠላቶች አንዱ የኢቫ ልጅ የሞድ ባል ሮጀር ሞርቲመር ነው። የሲሞን ራስ ተቆርጦ ወደ ሞድ ቤት ወደ ዊግሞር ተላከ ይባላል። ኤሊኖር የሞድ አጎት ሚስት የነበረች ናት። ዝምድናው ይህን ያህል ቅርብ ነበር።

ዘመዳሞች አይጋቡም ነበር?

እኛ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት እንደሚቆጠረው፣ እዚያም ቤተ ክርስቲያን እስከ ሰባተኛ ትውልድ ትከለክል ነበር። መኳንንቱ ጥቂት ቤቶች ስለነበሩ ይህን መጠበቅ አልተቻለም። በ1215 በሮም በላተራን የተደረገው ጉባኤ ክልከላውን ወደ አራት ትውልድ አወረደው።

ለምሳሌ ኢዛቤል ማርሻልና የመጀመሪያ ባሏ ጊልበርት ደ ክሌር። ሁለቱም በ1117 ከሞተው ከሌላ ጊልበርት ደ ክሌር ይወለዳሉ። ከእሱ ወደ ታች ብንቆጥር ሁለቱም አራተኛ ትውልድ ላይ ናቸው፤ በአዲሱ ሕግ እንኳ ገና ክልከላው ውስጥ። ጋብቻው ግን ተፈጽሟል።

ስሞቹ እየተምታቱብኝ ነው፤ ምን ላድርግ?

ይህን ያልጠየቀ የለም። በዚህ ሐረግ ውስጥ ኢዛቤል ደ ክሌር የምትባል ሴት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ትመጣለች፦ የዊልያም ሚስት፣ እና የዚያች ሴት የልጅ ልጅ። ጊልበርት ደ ክሌርማ አይቆጠርም። ሞድና ማቲልዳም አንድ ስም ናቸው፤ አንዱ ጸሐፊ ያንን፣ ሌላው ይህንን ይመርጣል።

የምመክረው ይህን ነው። ሰውን በስም ብቻ አትመዝግቡ። ከስሙ ጎን የሞተበትን ዓመት ጻፉ፤ ሴት ከሆነች የእናቷንም የባሏንም ስም ጨምሩ። የባሏን ብቻ ከጻፋችሁ ከየትኛው ቤት እንደመጣች ይጠፋችኋል፤ ርስቱ የመጣው ደግሞ ከዚያ ቤት ነው።

እውነት የስኮትላንዱ ሮበርት ብሩስ የማርሻል ዘር ነው?

ነው። ኢዛቤል ማርሻል ከጊልበርት ደ ክሌር ኢዛቤል የምትባል ልጅ ወለደች። ይህች ልጅ የአናንዴልን ጌታ ሮበርት ብሩስን አገባች። የእነሱ ልጅ ሌላ ሮበርት ነው፤ የእሱ ልጅ ደግሞ በ1306 የስኮትላንድ ንጉሥ የሆነው ሮበርት። ስለዚህ ኢዛቤል ማርሻል የንጉሡ ቅድመ አያት ናት።

አሁን በሰኔ 1314 ባኖክበርን ላይ ስኮትላንዶችና እንግሊዞች ሲገጥሙ ማን ከማን ጋር እንደቆመ እንይ። በስኮትላንድ በኩል ንጉሥ ሮበርት። በእንግሊዝ በኩል የግሎስተር ኤርል ጊልበርት ደ ክሌር፤ ገና ወጣት ነው፣ እሱም የኢዛቤል ማርሻል የልጅ ልጅ ልጅ ነው። የሁለቱ አያቶች እህትና ወንድም ናቸው። ከጊልበርት ጎን የሄርፈርድ ኤርል ሃምፍሪ ደ ቦሁን አለ፤ የእሱ ቅድመ አያት ኢቫ ማርሻል ናት። የፔምብሮክ ኤርል ኤመር ደ ቫሌንስም አለ፤ የእሱ አያት ጆአን ማርሻል ናት። በአንድ ሜዳ የሦስት እህትማማቾች ዘር በሁለት ወገን ተሰልፏል።

ጊልበርት እዚያው ተገደለ። ኤመር ንጉሡን ኤድዋርድ 2ኛን ከሜዳው አስወጥቶ አዳነ። ሃምፍሪ ሸሽቶ ቦዝዌል ምሽግ ሲገባ ተያዘ፤ በኋላ የተለወጠው እንግሊዝ ታግታ በነበረችው በሮበርት ብሩስ ሚስት ነው። ይህን ሁሉ በወንድ ስም ብቻ ካነበብነው ደ ክሌር፣ ደ ቦሁን፣ ደ ቫሌንስና ብሩስ የሚባሉ አራት ባዕዳን ናቸው። በእናት በኩል ስናየው አራቱም የዊልያምና የኢዛቤል ዘሮች ናቸው።

ጊልበርት ልጅ አልነበረውም፤ የክሌር ርስትም በተራው ለሦስት እህቶቹ ተከፈለ። አንደኛዋ ኤልሳቤጥ በካምብሪጅ የክሌር ኮሌጅ መሥራች ናት። የኤመር መበለት ማሪ ደግሞ በ1347 የፔምብሮክ ኮሌጅን መሠረተች። ሁለቱም ኮሌጆች ዛሬም ተማሪ ይቀበላሉ።

ወደ እንግሊዝ ነገሥታትስ ይደርሳል?

ቢያንስ በሁለት በኩል፣ ሁለቱም ከኢቫ። ልጇ ኤሊኖር አግብታ ወደ ደ ቦሁን ቤት ገባች፤ ከዚያ ቤት የወጣችው ሜሪ የሄንሪ 4ኛ ሚስትና የሄንሪ 5ኛ እናት ናት። ሌላዋ ልጇ ሞድ ወደ ሞርቲመር ቤት ገባች፤ ከዚያ ቤት የወጣችው አን ሞርቲመር የዮርኩ መስፍን የሪቻርድ እናት፣ የኤድዋርድ 4ኛ አያት ናት። በጽጌረዳዎቹ ጦርነት የተፋጁት የላንካስተርና የዮርክ ነገሥታት በዚህ በኩል የሁለት እህትማማቾች ዘር ናቸው። በኤድዋርድ ልጅ በኤልሳቤጥ በኩል ሐረጉ ወደ ሄንሪ 8ኛ፣ በሄንሪ እህት በማርጋሬት በኩል ደግሞ እስካሁኑ ንጉሣዊ ቤት ይቀጥላል።

ይህ ሁሉ በምን ይታወቃል?

በዋናነት በሁለት ነገር። አንደኛው ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ግጥም ነው። ታላቁ ልጅ ዊልያም ለአባቱ መታሰቢያ ያስጻፈው፣ በዘመኑ ፈረንሳይኛ ከ19 ሺህ በላይ ስንኞች ያሉት ሥራ ነው። ብራናው ለዘመናት ተረስቶ ቆይቶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው ወደ ተመራማሪዎች እጅ የገባው። ልጅ ስለ አባቱ ያስጻፈው ስለሆነ ውዳሴው ብዙ ነው፤ በጥንቃቄ መነበብ አለበት።

ሁለተኛው የመንግሥት መዝገብ ነው። ባለርስት ሲሞት የንጉሡ ሹሞች የአካባቢውን ሰዎች አስምለው ይጠይቁ ነበር፦ ምን መሬት ነበረው? መቼ ሞተ? ወራሹ ማን ነው? ዕድሜው ስንት ነው? መልሱ በብራና ተጽፎ ይቀመጣል። ዛሬ እነዚህ መዛግብት ለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አሉ። ለዘር ቆጣሪ ከግጥሙ ይልቅ የሚታመኑት እነሱ ናቸው።

የቤተሰቡ ስም ማርሻል የሆነ እንግሊዛዊ ጓደኛ አለኝ፤ ዘራቸው ይሆን?

በስሙ ምክንያት፣ አይደለም። የዊልያም ሕጋዊ የወንድ መስመር በ1245 ተቋርጧል፤ ማርሻል የሚባል ሥራ ደግሞ በየመኳንንቱ ቤት ነበር። ጓደኛችሁ የዊልያም ዘር ከሆነ የሚሆነው በሴት በኩል ነው፤ ያኔ የቤተሰቡ ስም ሌላ ማንኛውም ሊሆን ይችላል።

የማርሻልነት ሹመቱስ ዛሬ አለ?

አለ። የቢጎድ ቤት የመጨረሻው ኤርል በ1302 ለንጉሡ አስረከበው። ከዚያ ከቤት ወደ ቤት ዞሮ ከ1672 ጀምሮ በቋሚነት በሃዋርድ ቤተሰብ እጅ ነው፤ የቤቱ አለቃ የኖርፎክ መስፍን ነው። የንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛን የ2022 የቀብር ሥርዓትና የንጉሥ ቻርልስን የ2023 የዘውድ በዓል ያዘጋጀው በዚሁ ሹመት ነው።